ከጋሼ ውበቱ ልብ አንድ ስንዝር

ቆይ፣ ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ስልካችሁ የት ነው ያለው? አሁን እጃችሁ ላይ ካለ ግድ የለም፤ እኔ የምለው መንገድ ስትሄዱ፣ ገበያ ስትከራከሩ፣ ደጀ ሰላም ስትሳለሙ የት ነው የምታስቀምጡት ነው። የኛን አገር ሰው በደንብ አስተውዬዋለሁ። ቢቸና ዋናው መንገድ ዳር ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደጃፌ ላይ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን ከማየት ሌላ የምሠራው የለኝም። ወንዱ ስልኩን በግራ የደረት ኪሱ ይከታል፤ ሴቷ በመቀነቷ ወይም በብብቷ ሥር ትሸጉጣለች። ጃንጥላ ባጃጅ ውስጥ ይረሳል፣ መታወቂያ ቤት ይቀራል፤ ስልክ ግን ከልብ አጠገብ ንቅንቅ አይልም። የትዳር ጓደኛ እንኳ ይህን ያህል አይቀርብም።

ሰው ሁሉ እንዲህ ስልኩን ልቡ ላይ ለጥፎ በሚዞርበት አገር፣ ከልቡ አጠገብ ማሽን የገባለት ሰው ቢመጣስ? ይኸውላችሁ፣ መጣ። የመጣውም እኛ ቤት ነው።

አጎቴ ጋሼ ውበቱ የሰፈራችን የዕድር ዳኛ ናቸው። በዘመናቸው ብዙ ሰው ቀብረዋል፤ ማለቴ በሥርዓቱ አስቀብረዋል። የድንኳኑ ገመድ ላልቶ ካዩ የሚቆጡ፣ ለቅሶ ቤት የሚያሾፍ ጎረምሳ ካለ በዓይናቸው ብቻ ቁጭ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። ታዲያ እኚህ ሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል ገበያ መካከል ራሳቸውን ስተው ወደቁ። መጀመሪያ ፀሐይ ነው ተባለ። ሲደግማቸው ግን ፀሐይዋን መክሰስ ትተን ወደ ሐኪም ሄድን፤ ሐኪሙ ወደ ሌላ ሐኪም ላከን፤ መጨረሻችን አዲስ አበባ ሆነ። ለካ ልባቸው አንዳንዴ መምታት ትረሳ ኖሯል። ከግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳቸው ሥር፣ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ማሽን አስገቡላቸው። ፔስሜከር ይሏታል። ልብ ስትዘናጋ ጎሸም ታደርጋታለች፤ ሥራዋ ይኸው ነው። ጋሼ ውበቱ ይህ ሲነገራቸው «ለልቤ ጡሩምባ ነፊ ቀጠሩላታ» ብለው ሳቁ። እኛ ግን ሳቅ ከየት ይምጣልን።

ልንወጣ ስንል ወጣቱ ሐኪም ስለ ስልክ አነሳ። ስልክ ሞገድ አለው፣ አንዳንዱም ውስጡ ማግኔት አለው፤ ከማሽኗ ጋር ከተጣበቀ ግራ ሊያጋባት ይችላል፣ ራቅ ሲደረግ ደግሞ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች አለ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋና አውራ ጣቱን ጋሼ ውበቱ ደረት ላይ አሳርፎ፣ «አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ይበቃል። በደረት ኪስዎ አይያዙት፤ ሲያወሩም በቀኝ ጆሮዎ ያድርጉት» አላቸው። ጋሼ ውበቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እትዬ ጥሩወርቅ፣ ባለቤታቸው፣ ከነገሩ ሁሉ የሰሙት «ስልክ» እና «ግራ ሊያጋባት» የሚሉትን ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም ከዚያ ብዙ አልጨመርኩም።

ስንዝሩ መንገድ ላይ ማደግ ጀመረ። ጎሐ ጽዮን ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ክንድ ሆነ፤ እትዬ ጥሩወርቅ «ለጥንቃቄ ነው» አሉ። የዓባይን በረሃ እየወረድን ሳለ ከፊታችን የተቀመጠ ሰው ስልክ ጮኸበት። እትዬ ጥሩወርቅ ትኩር ብለው አዩት፤ ሰውየው ስልኩን ዘግቶ ዕቃውን ሰብስቦ መኪናው ጅራት ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ደጀን ስንደርስ ስንዝሩ የአውቶቡስ ርዝመት አክሏል። ቢቸና ስንገባ የግቢው አጥር ሆኖ አረፈ። ሰው ለሚወድደው ሰው ሲፈራ መለኪያው ይጠፋበታል መሰለኝ።

ቤት እንደገባን እትዬ ጥሩወርቅ የባላቸውን አሮጌ ባለ ቁልፍ ስልክ ባትሪዋን ነቅለው የጤፍ ጎታ ውስጥ ቀበሯት።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ ሐኪሙ ስንዝር ነው ያለው» አሉ ጋሼ ውበቱ።

«ሐኪሙ አዲስ አበባ ነው ያለ። አንቱን የማስታምም እኔ ነኝ።»

ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ። ግን የጠፋው ስልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጋሼ ውበቱ ግድም ባልሰጣቸው። ከስልኩ ጋር የተቀበረችው ብርቱካን ናት። ብርቱካን አንድዬ ልጃቸው ናት፤ ሞጣ አግብታ እዚያው ትኖራለች። እትዬ ዘሐራ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ተከራይታለች፤ ቤቱንም ያገኙላት ጋሼ ውበቱ ራሳቸው ናቸው፣ ከእትዬ ዘሐራ ቤተሰብ ጋር እህል ይነግዱ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ብርቱካንና አባቷ በስልክ ደህና እደር ደህና እደሪ ሳይባባሉ አይተኙም ነበር። ያን ሰሞን ደግሞ ልጅቷ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ገፍቷል። ብዙ ስለት የተሳሉለት ልጅ ነው። እናትየው አጠገቧ መሆን ነበረባቸው፤ እሳቸው ግን በሽተኛ ጥለው መሄድ አልቻሉም።

እኛም ዘመዶች ተቀምጠን መከርን። የምክራችን ፍሬ የሚከተለው ነው፦ ለጋሼ ውበቱ ስለ ብርቱካን ምንም አይነገር። ክፉ ወሬ ልብ ይሰብራል፤ ደስታም ቢሆን ድንገት ሲመጣ ያስደነግጣል። ስለዚህ ሁለቱም ይቅሩባቸው። ከሞጣ የሚመጣው ወሬ ሁሉ በእትዬ ዘሐራ በኩል ወደኔ ስልክ ይምጣ፤ እኔ ለእትዬ ጥሩወርቅ በጆሯቸው ልንገራቸው። ጋሼ ውበቱ የገባውን ጠያቂ ሁሉ «ብርቱካን እንዴት ናት?» ይላሉ፤ እኛም «ደህና ናት» እያልን በሩን እናያለን። የሚያፍር ቤተሰብ በር ማየት ይወድዳል።

ከዚህ በኋላ የዕድሩ ነገር መጣ። የኛ ዕድር ሰው ሳይሞት ተሰብስቦ አያውቅም። አያ ደምሌ፣ ጡሩምባ ነፊያችን፣ አንድ ጠዋት ሲነፋ ሰው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ። «ማነው የሞተው?» ሲሉት «ማንም፤ እንዳይሞት ነው የጠራኋችሁ» አለ። ከተጠራው ግማሹ ተቆጣ። ነገሩን ሲሰማ ግን ሁሉም ተቀመጠ፣ ምክንያቱም አያ ደምሌ ያነሳው ነገር ቀልድ አልነበረም። እኛ ጎጃሞች በሽተኛ ስንጠይቅ ከሩቅ እጅ ነስተን አንቀመጥም። አቅፈን፣ ደረት ለደረት ተጣብቀን፣ አገላብጠን ስመን ነው። የጠያቂው ስልክ ደግሞ የት እንዳለ ነግሬያችኋለሁ። አስቡት፤ አንድ ሰፈር ሕዝብ ተራ በተራ ስልኩን ጋሼ ውበቱ ማሽን ላይ እያተመ ሲያልፍ።

ስለዚህ ተወሰነ። ስልክ ይዞ መግባት ያስቀጣል። ማስታወቂያውን እኔ ራሴ በትልልቅ ፊደል አትሜ በሩ ላይ ለጠፍኩ። አያ ደምሌ እንቅብ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ እንቅቡ እህል የሚለካበት ነበር፣ አሁን ስልክ ይሰፈርበት ጀመር። የገባ ሁሉ ድምፁን አጥፍቶ ስልኩን ይጥላል፣ ሲወጣ ያነሳል። አያ ደምሌን እንደዚያን ሰሞን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም። ዕድሜ ልኩን የሞተ ሰው ሲያውጅ ኖሮ፣ በሕይወት ላለ ሰው ዘብ መቆም እንዴት እንደሚጥም ያወቀው ያኔ ነው። ወረዳ የሚሠራ አንድ ሰው ስብሰባ አለብኝ ብሎ ስልኩን አልሰጥም ቢለው፣ «እንግዲያው ስብሰባህ ሄደህ ታመም፣ እዚያ ይጠይቁህ» ብሎ መለሰው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ክረምት ነው፣ በሩ ላይ ጥላ የለም፣ ዝናቡ ደግሞ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ስልኩ የሰው አደራ ነው። በኛ ሰፈር አደራ ቦታው የታወቀ ነው፤ የመበለት ወርቅ ቢሆን፣ የዕድሩ ሣጥን ቢሆን፣ የተጣሉ ወንድማማቾች የውርስ ወረቀት ቢሆን፣ ከዕድሩ ዳኛ አልጋ ሥር ነው የሚቀመጠው። ከዚያ የጠፋ ነገር የለም። እትዬ ጥሩወርቅ ዝናብ ሲያካፋ በጓሮ በር ብቅ ይሉና እንቅቡን ከአያ ደምሌ ተቀብለው፣ እንደ ልማዳቸው፣ እንደ እናታቸው ልማድ፣ ደህና ቦታ ያስቀምጡታል።

ገባችሁ? እኛን ግን ያኔ አልገባንም። እትዬ ጥሩወርቅ ራሳቸው አላሰቡትም፤ እጃቸው ነው የሚያውቀው። አያ ደምሌም የት እንደሚሄድ አልጠየቀም፤ አደራ አንዴ ከቤቱ እመቤት እጅ ከገባ በኋላ መጠየቅ ነውር ነው።

በዚያ ሰሞን ሁለት እንግዳ ነገሮች ታዩ። አንደኛው፣ ጋሼ ውበቱ «አልጋዬ ይንቀጠቀጣል» ማለት ጀመሩ። እትዬ ጥሩወርቅ ማሽኗ እየሠራች ነው ብለው አንዳንዴ ያመሰግናሉ፣ አንዳንዴ ጠበል ይረጫሉ። ሁለተኛው፣ ጠያቂዎች ከግቢው ሲወጡ ስልካቸውን እያገላበጡ ያጉረመርማሉ። «ካርዴን ምን በላው? ትናንት ሞልቼ» ይላል አንዱ። «የኔንም» ይላል ሌላው። እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ ባይ፣ አውታሩ ነው፣ ክረምት ነው እያልኩ አጽናናቸው ነበር። ጋሼ ውበቱ በበኩላቸው ቀለማቸው እየተመለሰ፣ ምግብ እየበሉ፣ «ብርቱካን እንዴት ናት?» ማለታቸውንም እየተዉ መጡ። ጨክነው ረሷት ብለን አዘንንባቸው።

እንግዲህ እሑድ ሆነ። ከቅዳሴ መልስ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ቤቱ ጢም አለ። ጋሼ ውበቱ ሁሉንም አቅፈው ስመው ከጨረሱ በኋላ ደከመኝ ብለው መጋረጃውን ጋርደው ጓዳ ገብተው ጋደም አሉ። ዝናቡ መጣ። እኔ ሳሎን ተቀምጬ እሳት ላይ እንዳለ ሰው እገላበጣለሁ። ለምን መሰላችሁ፤ ከአንድ ቀን በፊት እትዬ ዘሐራ ደውለው ብርቱካን ምጥ እንደያዛትና ሆስፒታል እንደወሰዷት ነግረውኛል። ጠዋት ደግሞ «ልጁ አልዞረም አሉ፣ ኦፕራሲዮን ሳያደርጓት አይቀሩም፣ ባሏ እንደሁ ግድግዳ ተደግፎ ቀርቷል፤ እንደወጣች እደውላለሁ፣ ስልክህን እንዳትለይ» አሉኝ። እኔም ስልኬን በር ላይ እንቅቡ ውስጥ ጥዬ ገባሁ። ራሴ ያተምኩትን ማስታወቂያ ልጥስ ነው?

ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም። ተነሥቼ አያ ደምሌ ዘንድ ሄድኩ።

«አያ ደምሌ፣ ስልኬን ስጠኝ፣ ውጭ ሆኜ ነው የማናግር።»

«እንቅቡ ገብቷል፤ ዝናብ ነው።»

«የት ገብቶ?»

«እኔን ትጠይቃለህ? እትዬን ጠይቃቸው።»

እትዬ ጥሩወርቅ ዳቦ እየቆረሱ ነበር። ጠጋ ብዬ በጆሯቸው ጠየቅኋቸው። ቀና እንኳ ሳይሉ «የት ይሆናል፣ አልጋ ሥር ነዋ» አሉ።

«የማን አልጋ?»

ቢላዋው ዳቦው ውስጥ ቆመ። ፊታቸው እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። የጠየቅኋቸው ቀስ ብዬ ነበር፣ ግን ቤቱ ሁሉ ሰማው። የዚያ ሁሉ ሰው ስልክ። በአንድ እንቅብ። ከጋሼ ውበቱ ጀርባ ሥር። ስንት ቀን ሙሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ወንበር ወደቀ፤ አንዷ ሴትዮ ዋይ ልትል አፏን ስትከፍት ባሏ ያዛት። አያ ደምሌ ከበር እየሮጠ መጥቶ ሁላችንንም ቀድሞ መጋረጃውን ገለጠው።

ጋሼ ውበቱ አልጋቸው ላይ እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። እንቅቡ ፊታቸው ነው፣ አንድ ደርዘን ስልክ ውስጡ ይርመሰመሳል። በቀኝ ጆሯቸው የኔን ስልክ ይዘዋል። ግራ እጃቸውን ወደኛ ዘርግተው «ዝም በሉ» የሚል ምልክት አሳዩን፤ ያ እጅ ሲነሣ ዝም ማለት ልማዳችን ነው፣ ለቅሶ ቤትም እንደዚያው ነው። 

«እሺ፣ ዘሐራ ልጄ» ይላሉ። «እሺ። ወጣች? ደህና ናት? ዓይኗን ገልጣለች? በይ ስልኩን ከሕፃኑ አፍ ጠጋ አድርጊልኝ።»

 ያን ያህል ሰው ተጨናንቆ ቆሞ የጣራው ቆርቆሮ ላይ ከሚመታው ዝናብ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ለቅሶ መጣ። የሕፃን ለቅሶ። የጋሼ ውበቱ እንባ ጺማቸው ውስጥ ወረደ። እትዬ ጥሩወርቅ ማሽኗን የሚያዩ ይመስል ዓይናቸውን ከባላቸው ደረት አልነቀሉም። እኔም እንደዚያው። ሁላችንም ልባቸው እንድትቆም የምንጠብቅ ነበር የምንመስለው።

«ሴት ናት» አሉ ጋሼ ውበቱ ስልኩን ከጆሯቸው አውርደው። «ሁለቱም ደህና ናቸው። ምነው እንዲህ አፈጠጣችሁብኝ?»

በዚያን ዕለት በዚያ ቤት ውስጥ ልቡ የከዳው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አያ ደምሌ ነው። መሬት ላይ ዘጭ አለ። ውሃ ረጨንበት፣ ነጠላ አራገብንለት። ጋሼ ውበቱ ከአልጋቸው ወርደው ግንባሩን ደገፉለት። ዓይኑን ሲገልጥ «እርስዎ ደህና ነዎት?» አላቸው፤ ያን ጊዜ ነው ቤቱ በእልልታና በሳቅ የተናወጠው። እትዬ ጥሩወርቅ እልል እያሉ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ባላቸውን ይቆጣሉ፣ እየተቆጡ ዳቦ ያድላሉ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ማንን እንዳቀፍኩ እንኳ አላስታውስም።

ነገሩ ሲረጋጋ ጋሼ ውበቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ከደረታቸው እስከ ጆሯቸው ለክተው አሳዩን፤ ስንዝሩ ሞልቶ ይተርፋል። ከፍራሹ እስከ እንቅቡም እንዲሁ። አልጋቸው የተንቀጠቀጠ ቀን ጎንበስ ብለው አይተው ኖሯል። ከዚያ ወዲያ የብርቱካንን ቁጥር በቃላቸው ያውቁት የለ፣ በየቀኑ በአንዱ ጠያቂ ስልክ ይደውሉላታል። የቢቸና ሕዝብ ካርድ የት እንደገባ አሁን ገባችሁ። እኛ ወሬ ስንደብቃቸው እሳቸው ከኛ በላይ ያውቁ ነበር። ብርቱካንም «አባዬ ለማንም እንዳትናገሪ ብሎኛል» ብላ ዝም። «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» ብላቸው፣ «እናንተ በጣም ደስ ብሏችሁ ትጠብቁኝ ነበር፤ ላስቀይማችሁ?» አሉኝ።

በማግስቱ የስልክ ሕጉ ተሻረ። ማስታወቂያዬን ቀደድኩ። ስልካቸው ከጤፍ ጎታ ወጣች፣ ለጥቂት ቀን በተናገረች ቁጥር ጤፍ ታራግፍ ነበር። ጠያቂም ስልኩን ይዞ ይገባ ጀመር። ደረት ለደረት ከመተቃቀፉ በፊት ስልኩን ወደ ሱሪ ኪሱ ማዛወር ብቻ ተማረ።

የልጅቷ ክርስትና ሲደርስ ሁላችንም በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ሄድን። የእትዬ ዘሐራ ግቢ ሞልቷል። እትዬ ዘሐራ ራሳቸው ሕፃኗን ጠቅልለው አመጡና ጋሼ ውበቱ ክንድ ላይ አስቀመጧት። ልጅቷ ትንሽ ተፈራገጠችና ጉንጯን ግራ ደረታቸው ላይ፣ ልክ ማሽኗ ላይ፣ ለጥፋ ተኛች። ጋሼ ውበቱ መተንፈስ እንኳ ተዉ። ጎንበስ ብለው ስሟን ሊጠሯት ነው መሰለኝ ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ ሰው ሁሉ ስልኩን መዝዞ ተንጋጋ። አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ ከጺማቸው ሥር። «ጋሼ ወደዚህ ይዩ!» «ጋሼ ፈገግ ይበሉ!» «ቪዲዮ ነው፣ አንድ ነገር ይናገሩ!» እውነት ለመናገር እኔም አለሁበት፤ እንዲያውም ከፊት ነኝ።

ጋሼ ውበቱ ቀና ብለው ዙሪያውን አዩን። ከዚያ ዓይናቸው ከኋላ የቆመው አያ ደምሌ ላይ አረፈ።

«ደምሌ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እንቅብ ፈልግ።»

እኔ ደግሞ ዝም አልልም። «ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ አንድ ስንዝር ነው ያለው» አልኳቸው፣ ስልኬን ራቅ አድርጌ እያሳየኋቸው።

«እሱማ ለማሽኗ ነው» አሉኝ፣ ነጠላቸውን ልጅቷ ላይ እያለበሱ። አያ ደምሌ ከእትዬ ዘሐራ እንቅብ ተቀብሎ ፊቴ ቆሞ ነበር። ስልኬን ጣልኩለት።